ከቆሎ መጠቅለያ እስከ ግራጫ ሣጥን

አባዬ ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት ሲቀረው ሰርተፊኬቱ ጠፋ። የመምህራን ማሠልጠኛ ጨርሶ ሲወጣ የተሰጠው፣ 1962 ዓ.ም የሚል የተጻፈበት፣ እድሜውን ሙሉ ከሣጥን ሣጥን ሲያዛውረው የኖረ ወረቀት ነው። ቤት ስንቀይር ይሁን፣ ክረምት ጣሪያው ሲያፈስ ከረጠቡት ወረቀቶች ጋር አብሮ ተጥሎ ይሁን እስካሁን አናውቅም። ጉዳዩን የያዘው ቢሮ "ከተማሩበት ቦታ ማረጋገጫ አጽፈው ያምጡ" አለው። ቀላል ነገር ነው ብሎ ነው የተነሳው። ሙሉ ቀን አውቶብስ፣ አንድ ሌሊት አልቤርጎ፣ ጠዋት ቢሮ ሲከፈት እሱ በር ላይ ቆሟል።

መዝገብ ቤት ያገኘው ልጅ ጥሩ ልጅ ነበር ይላል አባዬ እስከዛሬ። ወንበር ሰጠው፣ ሻይ አስመጣለት፣ ያሉትን ቁምሣጥኖች በሙሉ ከፋፍቶ ፈለገለት። ግን ከሆነ ዓመተ ምህረት በፊት ያለው መዝገብ ጭራሽ የለም። ተቋሙ ስሙ ሲቀየር፣ ቢሮው ሲዛወር፣ ግምጃ ቤቱ ይጽዳ ሲባል አሮጌው ወረቀት በኪሎ ተመዝኖ ለቆራሌው ተሽጧል። በቃ። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፣ ቦታ ጠበበ፣ ወረቀቱ አቧራ ጠጣ፣ የሚገዛ ሰው መጣ።

አባዬ ማታ ቤት ሲገባ እማዬ "እህ እንዴት ሆነ?" አለችው። ጫማውን እያወለቀ "ስሜ የለም አሉኝ" አለ። መዝገቡ ጠፋ አላለም፣ ስሜ የለም አሉኝ ነው ያለው። የጡረታው ነገር በኋላ በሰው ምስክር ተስተካከለ፣ እሱ አይደለም ያስጨነቀኝ። ያቺ አረፍተ ነገር ናት ውስጤ የቀረችው። አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው፣ ግማሽ ከተማው "ጋሼ" እያለ የሚነሳለት ሰው፣ አንድ ቢሮ ሄዶ እንዳልነበረ ሆኖ መጣ።

እና ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤታችን በር ላይ ቆሎ የሚሸጡት ሴትዮ ትዝ አሉኝ። ቆሎውን በወረቀት ጠቅልለው እንደ ቀንድ አርገው ነበር የሚሰጡን። አንድ ቀን ቆሎዬን ጨርሼ ወረቀቱን ዘረጋሁት። የተማሪ ውጤት ነው፣ ስም፣ የአባት ስም፣ ሒሳብ 61፣ አማርኛ 84፣ መጨረሻው ላይ በቀይ እስኪርብቶ "ተዛውሯል" ይላል። አጨማድጄ ጣልኩት። የዚያን ልጅ ስም አላስታውሰውም፣ 84ቱን ግን አስታውሳለሁ።

ወረቀት መጠበቅ ስራዬ ሆነ

እ.ኤ.አ በ2014 ነሐሴ ላይ ኬንታኪ ገባሁ፣ ቤሪያ ኮሌጅ። ከሌክሲንግተን ወደ ደቡብ ሲኬድ ሜዳው አልቆ የአፓላቺያን ተራሮች ከሚጀምሩበት ግርጌ ያለች ትንሽ ከተማ ነች፣ ኮሌጁም ትንሽ ነው፣ ጠቅላላ ተማሪው 1,500 አካባቢ ቢሆን ነው። ይሄንን ያህል ትንሽ ሆኖ የሚያስገርመው ከ1892 ጀምሮ ተማሪ የትምህርት ክፍያ አለመጠየቁ ነው (ከዚህ በኋላ የምጽፋቸው ዓመቶችም ወሮችም ካልነገርኳችሁ በቀር በፈረንጆቹ ናቸው)። በምትኩ ሁሉም ተማሪ ይሰራል፣ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት። መጥረጊያ የሚሰራ አለ፣ ሽመና ላይ የሚቀመጥ አለ፣ ቡን ታቨርን የሚባለው የኮሌጁ ሆቴል ውስጥ የሚያስተናግድ አለ፣ እርሻ የሚወርድ አለ። እኔን ሀቺንስ ላይብረሪ መደቡኝ፣ ልዩ ክምችትና አርካይቭ የሚባለው ክፍል።

አርካይቭ ማለት ምን እንደሆነ በደንብ አላውቅም ነበር። የመጀመሪያው ቀን አለቃዬ ደንቡን ነገረችኝ። እስኪርብቶ አይገባም፣ እርሳስ ብቻ። ውሃ፣ ቡና፣ ምግብ የለም። እጅ ታጥቦ በደንብ ይደረቃል። የዛገ አግራፍ ያለበት ወረቀት ሲገኝ አግራፉ ቀስ ተብሎ ይነቀላል፣ ዝገቱ ወረቀቱን ይበላዋልና። ከዛ ወረቀቱ አሲድ የሌለው ፎልደር ውስጥ ይገባል፣ ፎልደሩ ግራጫ ሣጥን ውስጥ፣ ሣጥኑ ላይ ቁጥር ይጻፋል፣ ቁጥሩ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ፎልደር ሙሉ የድሮ የእንጨትና የምስማር ደረሰኝ ሰጠችኝ፣ አንድ በአንድ እንዳጸዳው። ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው የምስማር ደረሰኝ! እኛ አገር የሰው እድሜ ልክ የሆነ መዝገብ በኪሎ ሲሸጥ እነዚህ ምስማር የተገዛበትን ወረቀት እንደ ጽላት ነው የሚይዙት። ከገረመኝ በላይ አመመኝ።

ሰዎች ውድ ዕቃ ብለው የሚጠይቁት ሌላ ነው። የተራራው ሰዎች ሙዚቃ ቅጂ አለ፣ ሽማግሌዎች በየቤታቸው ሲጫወቱ የተቀዳ ፊድልና ባንጆ፣ ማታ ማታ በሄድፎን ስሰማው አንዳንዱ ቁርጥ ማሲንቆ ይሆንብኝ ነበር። ስለ አፓላቺያን ተራሮች የተሰበሰበ ትልቅ የመጽሐፍ ክምችት አለ። የኬንታኪ ልጅ የሆነችው ደራሲ ቤል ሁክስ ሕይወቷ እስኪያልፍ ቤሪያ ኖራለች፣ ወረቀቶቿ እዛው ናቸው። ይሄ ሁሉ ደስ ይላል። እኔ ግን መጨረሻ ላይ የተጣበቅኩት ማንም ፎቶ በማያነሳው ነገር ላይ ነው፣ ኮሌጁ በየዓመቱ ያሳትመው የነበረው ካታሎግ ላይ። ኮርሱ፣ ወጪው፣ የመምህራኑ ዝርዝር፣ ከዛ በትናንሽ ፊደል ገጽ በገጽ የተማሪ ስም። ስም፣ የመጣበት ቦታ፣ ስም፣ የመጣበት ቦታ።

"ከአንድ" እና "ከአንድ ደም"

የኮሌጁ መሪ ቃል ከሐዋርያት ሥራ 17፥26 የተወሰደ ነው። እንግሊዝኛው "እግዚአብሔር የምድርን ሕዝቦች ሁሉ ከአንድ ደም ፈጠረ" ነው የሚለው። አማርኛው መጽሐፍ ቅዱሴን አውጥቼ አየሁት፣ "የሰውን ወገኖች ሁሉ ከአንድ ፈጠረ" ይላል፣ ደም የምትል ቃል የለችም። እኛ ጋ "ከአንድ" ሲባል ይበቃል ማለት ነው። እዛ አገር ግን የደም ጠብታ እየተቆጠረ ሰው ሲሸጥ ሲገዛ ስለነበር "ደም" የምትለዋ ቃል ሁሉን ነገር ትለውጣለች።

ጥቅሱን የመረጡት ሰዎች ዋጋውን ከፍለውበታል። መስራቹ ጆን ግሬግ ፊ 1816 የተወለደ የኬንታኪ ሰው ነው፣ አባቱ ባሪያ አሳዳሪ ነበር። ልጁ ባርነት ኃጢአት ነው ብሎ ሲሰብክ አባት ከውርስ ነቀለው። ጁሌት ማይልስ የምትባል የአባቱ ባሪያ ነበረች፣ ፊ ገዝቶ ነጻ አወጣት። እሷ ግን ልጆቿ ኬንታኪ ቀርተው ነበርና 1858 ላይ ልታወጣቸው ተመለሰች፣ ተያዘች፣ ተፈረደባት፣ እስር ቤት ውስጥ ሞተች። ስለ ቤሪያ ሲወራ የፊ ስም ሁሌም ይነሳል፣ ለኔ ግን ያ ጥቅስ የሷ ነው የሚመስለኝ። እናት ናት፣ ነጻነቷን ይዛ መቀመጥ ትችል ነበር።

1855 አንድ ክፍል ቤት ሆና የተጀመረችው ትምህርት ቤት 1859 ታኅሣሥ ላይ 60 የሚሆኑ የታጠቁ ሰዎች መጥተው በአስር ቀን ውስጥ ከዚህ ካልወጣችሁ አሏቸው፣ ወጡ። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲያልቅ ተመልሰው ከፈቱ። 1866–67 የተመዘገበው ተማሪ 187 ነው፣ 96 ጥቁር፣ 91 ነጭ። ገና ትላንት ባሪያና ጌታ የነበሩ ሰዎች ልጆች አንድ ጣሪያ ስር። መተዳደሪያ ደንባቸው ላይ ደሞ ባርነትን ብቻ አይደለም የሚቃወሙት፣ ሰውን በዘር ደረጃ መክፈልንም ጭምር ነው። በዛ ጊዜ ይሄን መጻፍ ሕይወት ያስከፍላል።

ፊ የሞተው 1901 ነው። ከዛ በኋላ የመጣውን ባለማየቱ አንዳንዴ እግዜር ይመስገን እላለሁ።

አዲስ አበባና ፍራንክፈርት፣ በአንድ ሰሞን

1903 ታኅሣሥ 27 አዲስ አበባ ላይ ሮበርት ስኪነር የሚባል የአሜሪካ ቆንስል ከአጼ ምኒልክ ጋር የንግድ ስምምነት ተፈራረመ፣ የኢትዮጵያና የአሜሪካ የመጀመሪያው ውል ነው። አድዋ ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው። የአሜሪካ መንግሥት ሰው እልፍኝ ገብቶ ከጥቁር ንጉሥ ጋር እኩል ለእኩል ተፈራረመ። በሳምንታት ውስጥ፣ ጥር 1904፣ ለኬንታኪ ምክር ቤት፣ በግዛቷ ዋና ከተማ ፍራንክፈርት፣ ካርል ዴይ የሚባል ተወካይ ያረቀቀው ሕግ ቀረበለት፣ ኋላም ጸደቀ። ጥቁርና ነጭ አብሮ የሚያስተምር ማንኛውም ትምህርት ቤት 1,000 ዶላር ይቀጣል፣ ተፈርዶበትም ከቀጠለ በየቀኑ 100 ዶላር። ለይቼ ላስተምር የሚል ካለ ሁለተኛው ቅርንጫፍ ቢያንስ 25 ማይል፣ አርባ ኪሎሜትር ገደማ፣ መራቅ አለበት።

በኬንታኪ ጥቁርና ነጭ አብሮ የሚማርበት ኮሌጅ ቤሪያ ብቻ ነበር። አንድ ትንሽ ኮሌጅ ላይ ያነጣጠረ ሕግ ነው። እነዚህን ሁለት ቀኖች እርስ በርስ ያገናኘልኝ መጽሐፍ የለም፣ አንድ ምሽት ላይብረሪ ቁጭ ብዬ ራሴ ነኝ ጎን ለጎን የጻፍኳቸው፣ ከዛ ለረጅም ሰዓት ዝም ብዬ አየኋቸው።

ኮሌጁ ተከራከረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ፣ 1908 ላይ ሰባት ለሁለት ተረታ። የብዙኃኑ ምክንያት ኮሌጁን በቻርተር (በማቋቋሚያ ሰነድ) ያቋቋመው ግዛቱ ስለሆነ ቻርተሩንም መለወጥ ይችላል የሚል ነው፣ ማለት የሰውን ነገር ጭራሽ ሳይነኩ በወረቀት በኩል ዞረው ሄዱ። ከተቃወሙት አንዱ ዳኛ ጆን ማርሻል ሃርላን ነበር፣ እሱም የኬንታኪ ሰው፣ እሱም ከባሪያ አሳዳሪ ቤተሰብ። ሰዎች በፈቃዳቸው ለደግ ነገር መሰብሰባቸውን በዘራቸው ምክንያት መንግሥት ይከለክላል ወይ ብሎ ነው የጠየቀው። በ1904 መኸር ትምህርት ሲከፈት የቀሩት ነጭ ተማሪዎች ለተባረሩት ጓደኞቻቸው ደብዳቤ ጽፈዋል፣ እንደተሰበሰብን መጀመሪያ ያሰብነው እናንተን ነው ብለው። ኮሌጁ የተባረሩትን ፊስክና ሌሎች የጥቁር ኮሌጆች እንዲገቡ አገዘ፣ 1912 ላይ ሼልቢ ካውንቲ (ካውንቲ እንደኛ ወረዳ ነው) ውስጥ ሊንከን ኢንስቲትዩት የሚባል ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው። ሕጉ እስኪሻሻል ግን 1950 መጠበቅ ነበረባቸው፣ 46 ዓመት። ከዛ በኋላ የመጀመሪያዋ ጥቁር ምሩቅ ጄሲ ሪዘር ዛንደር በ1954 ወጣች።

ደሞ ካርተር ዉድሰን አለ። አባትና እናቱ ባሪያ የነበሩ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ከሰል ማዕድን ውስጥ የሰራ ልጅ ነው፣ ቤሪያ እየተመላለሰ ተምሮ በ1903 ተመረቀ። ሕጉ ሊወጣ አንድ ዓመት ሲቀረው! ይሄ ሰው ነው በኋላ ሃርቫርድ ዶክትሬቱን ይዞ የጥቁር ሕዝብ ታሪክን የሚያጠና ማኅበር በ1915 ያቋቋመው፣ የካቲት 1926 ላይ ዛሬ ወር የሆነውን የጥቁሮች ታሪክ ሳምንት የጀመረው። ሙሉ ሕይወቱን የተረሱ ሰዎችን ወረቀት ሲለቅም ነው የኖረው። አንድ ዓመት ቢዘገይ ምን ይሆን ነበር እያልኩ ማሰቤን ማቆም አቅቶኛል።

አዛውንቷ

ሁለተኛ ዓመቴ ላይ፣ ጥቅምት መሰለኝ፣ ዝናብ የሚጥልበት ቀን፣ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አዛውንት ከልጃቸው ጋር መጡ። ሰማንያ ይሆናቸዋል። ለቤተ ክርስቲያን የሚደረገውን ባርኔጣ አድርገዋል፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው። ቦርሳቸውን ከፍተው በጣም የታጠፈ ወረቀት አወጡ። እናታቸው በእርሳስ የጻፈችው የአያታቸው ስም ነው። "ቤሪያ ተምሬያለሁ ይል ነበር" አሉ። "ማናችንም አላመንነውም።"

መጀመሪያ አልገባኝም። ቆይቶ ነው የገባኝ። እሳቸው ልጅ በነበሩበት ጊዜ ቤሪያ የነጭ ኮሌጅ ነው። ጥቁር የሚባል ካምፓሱ ላይ ተማሪ ሆኖ አይታይም። አያትየው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው እኔ እዛ ተምሬያለሁ፣ ከነጮች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሲሉ ልጆቹ ይስቃሉ፣ ጎረቤቱ ይስቃል። ሽማግሌው በውሸታምነት ተቀበሩ።

አለቃዬ ግራጫውን ሣጥን አምጪ አለችኝ። የ1903–04ን ካታሎግ አወጣሁ፣ ስፖንጅ ትራሱ ላይ አስቀመጥኩት፣ ከኋላ ያለውን የስም ዝርዝር ገለጥኩ። የኮሌጅ ክፍሉ ውስጥ የለም። አካዳሚው ውስጥ የለም። ቀጥሎ ኖርማል ዲፓርትመንት የሚል አለ። ኖርማል ማለት የመምህራን ማሠልጠኛ ነው። እዚህ ላይ እጄ ቆመ፣ ለምን እንደቆመ አዛውንቷም አለቃዬም አያውቁም።

ጣቴን ሳላስነካ ከላይ ወደ ታች ወረድኩ። አለ። የአባት ስም፣ ኮማ፣ ስም፣ ከዛ ካውንቲው። አንድ መስመር። ከላዩም ከታቹም ካሉት ስሞች በምንም አይለይም። ስማቸውን እዚህ አልጽፈውም፣ የቤተሰቡ ነው።

"ዓይኔ አይለየውም፣ አንብቢልኝ ልጄ" አሉኝ። አነበብኩ። የኔ እንግሊዝኛ ያኔ ገና የደብተር እንግሊዝኛ ነው፣ የቤተሰብ ስማቸውን አጥብቄ ጠራሁት። "እንደሱ አይደለም" ብለው አስተካከሉኝ። ደግሜ አነበብኩ። "እንደገና።" ሦስተኛው ላይ ሲሳካልኝ አይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚሰሙት። ከዛ ወደ ልጃቸው ዞረው "ውሸታም አልነበረም" አሉ። አላለቀሱም። ልጅየዋ ናት ያለቀሰችው፣ እኔ ደሞ ካታሎጉ ላይ እንባ እንዳይወርድብኝ ፊቴን አዞርኩ።

ቀጥለው የሚቀጥለውን ዓመት ጠየቁኝ። ሕጉን እንደሚያውቁ ግልጽ ነው፣ ግን በዓይናቸው ማየት ፈለጉ። የ1904–05ን ከፈትኩ። ኖርማል ዲፓርትመንት። እዚያ ፊደል ላይ ስደርስ ከሳቸው በፊት የነበረው ስም አለ፣ ከሳቸው በኋላ የነበረው አለ፣ መሀሉ ላይ ምንም። ክፍተት እንኳን የለም፣ መስመሮቹ ተጠጋግተዋል። ሰው ከወንበር ሲነሳ ቢያንስ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ይታያል፣ እዚህ ግን ወንበሩም የለ።

"የሁለቱንም ገጽ ኮፒ አድርጊልኝ" አሉኝ። ስማቸው የሌለበትን ለምን እንደፈለጉት አልገባኝምና ጠየቅኳቸው። "ምን እንዳደረጉት ነዋ ይሄ" አሉ፣ ኮፒውን እያጠፉ፣ በእናታቸው እርሳስ ከተጻፈችው ወረቀት ጋር አንድ ላይ ቦርሳ ውስጥ ከተቱት።

ያን ቀን ማታ እራት አልበላሁም። አባዬ ጫማውን እያወለቀ "ስሜ የለም አሉኝ" ሲል ነው የሚታየኝ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል፣ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ እያነበብነው ነው ያደግነው። ማንም ያልነገረኝ ግን የጻፈው ሌላ የጠበቀው ሌላ መሆኑን ነው። አያትየውን የጻፈው ጸሐፊ አንድ ደቂቃ ነው የፈጀበት። ለ110 ዓመት ዝናብ እንዳይነካው፣ አይጥ እንዳይበላው፣ ቦታ ጠበበን ተብሎ እንዳይጣል ያደረጉት ሰዎች ግን ስማቸው የትም የለም።

የሚያሳፍረውንም

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄን ሳልናገር ብቀር ልቤ አያርፍም። ቤሪያን እወደዋለሁ፣ ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ግን አርካይቩ ውስጥ ያለው ሁሉ የሚያኮራ አይደለም። ከ1892 ጀምሮ ፕሬዝዳንት የነበረው ዊልያም ጉዴል ፍሮስት የተራራውን ነጭ ድሀ ማምጣት ላይ አተኮረ፣ በሱ ጊዜ ግማሽ ያህል የነበሩት ጥቁር ተማሪዎች ሕጉ ከመውጣቱም በፊት አናሳ ሆነው ነበር። ሕጉን ፍርድ ቤት ድረስ የታገለውም እሱ ነው። ሁለቱም እውነት ነው፣ አንዱ አንዱን አያጠፋውም። እኔን የሚገርመኝ የሱ ወረቀቶች መኖራቸው ነው፣ ተማሪ እንደ እኔ ሣጥን ጠይቆ ሊያነባቸው መቻሉ። የሆነ ዓመት ላይ የሆነ ሰው "ይሄ ስማችንን ያጎድፋል" ብሎ ሊያስወግዳቸው ይችል ነበር፣ አላስወገደም። ወይም ተመካክረው ተዉት። ለኔ የዚያ ኮሌጅ ውድ ሀብት ይሄ ነው። የሚያኮራውን ማንም ያስቀምጣል።

እና ሁሌ እንደሚባለው እኛ ኢትዮጵያውያን መዝገብ አንወድም፣ አንጠብቅም የሚለውን እኔ አልቀበልም። የአባ ገሪማ ወንጌል ብራናው ሲመረመር ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን መሀል ነው የወጣው። ስንት ጦርነት፣ ስንት እሳት፣ ስንት ወራሪ አልፎበት፣ መነኮሳት ተደብቀውበት ተሰደውበት አቆዩት። ያላየነው ነገር አይደለም መጠበቅ። የቀድሞዎቹ አንድ ብልሃትም ነበራቸው። የመሬት ስጦታውን፣ የውርሱን፣ የምስክሮቹን ስም ወንጌሉ ላይ በተረፈው ባዶ ገጽ ነበር የሚጽፉት፣ የወርቅ ወንጌል የምንለው ላይ። ወንጌልን በቀላሉ የሚደፍር የለም፣ ስለዚህ የገበሬውም የምስክሩም ስም በወንጌሉ ጥላ ስር ተጠልሎ ይኖራል። ይሄን ሳስብ እንባዬ ይመጣል። እኛ ዘመናዊውን መዝገብ ስናመጣ ብራናውን ከቅዱሱ ለየነው፣ የአስተማሪ ስም፣ የተማሪ ውጤት፣ የደመወዝ ሊስት ተራ ወረቀት ሆነ፣ ተራ ወረቀት ደሞ በኪሎ ይሸጣል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚል ሕዝብ ስሙን ለቆሎ መጠቅለያ ሰጠ።

ስም ጥሪ

ከአዛውንቷ በኋላ በነበረው ቅዳሜ አባዬን በኢሞ ደወልኩለት። ታሪኩን ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ፣ ስጨርስ "ታዲያ እኚያ ሽማግሌ ነፍሳቸው አረፈች" ብቻ አለ።

"አባዬ፣ ማሠልጠኛ ስትገቡ ክፍላችሁ ስንት ነበራችሁ?"

"አርባ ሁለት።"

"ስም ጥሪውን ታስታውሰዋለህ?"

ሳቀ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየማለዳው የሰማሁትን እንዴት እረሳለሁ አለ። እርሳስና ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ። አይኑን ጨፈነ፣ በቪዲዮው ይታየኛል፣ ከ"ሀ" ጀመረ። የሚያነበው እንደ አስተማሪ አይደለም፣ ጀርባው ቀጥ ብሎ ስሙ እንደሚጠራ ተማሪ ነው። አንዱን ሲጠራ "ይሄ ከኔ ጋር አንድ አልጋ ላይ ነበር፣ ከላይ እሱ ከታች እኔ" ይላል፣ ሌላውን ሲጠራ "እሱ በቀይ ሽብር አለፈ፣ መንደፈራ ነበር የሚያስተምረው" ይላል፣ አንዷን ጠርቶ ትንሽ ዝም አለ፣ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። የራሱን ስም ሲደርስ "አቤት" አለ። ሳይታወቀው ነው ያለው።

ተራ ቁጥር 29 ላይ ቆመ። ከሱ በኋላ ያሉትን ሁሉ ያውቃቸዋል፣ እስከ 42 ድረስ ጨረሰ፣ 29ኛው ግን አልመጣለት አለ። ፊቱ ይታየዋል፣ አረማመዱ ይታየዋል፣ የጎጃም ልጅ ነው፣ መረብ ኳስ ይችላል፣ ስሙ ጠፋ። ተናደደ። "ተወው አባዬ፣ ቦታውን ክፍት እተውለታለሁ" አልኩት። አንድ መስመር ባዶ ትቼ ቁጥሩን ብቻ ጻፍኩ።

ማክሰኞ ለሊት ስድስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። እዛ ነግቷል። ሰላም ነሽ እንኳን አላለኝም።

"እርሳስሽን አምጪ" አለ።